ስሌት የነፈጋችኋቸው ልጆች

እናንተ ልጃችሁ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ «እኔም በጊዜዬ ሒሳብ አይገባኝም ነበር፤ ምን ጎደለብኝ?» እያላችሁ የምትስቁ ወላጆች፣ ይህ ተግሣጽ በቅድሚያ ለእናንተ ነው። ማንበብ አልችልም ብሎ የሚኩራራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማንበብ የማይችል ሰው ያፍራል፣ ይደብቃል፣ ልጁን «እንደ እኔ አትሁን» ብሎ ይለምናል። ክፍልፋይ የማያውቅ ሰው ግን ይህንኑ በሰው ፊት ይናገረዋል፤ ሰሚውም አብሮት ይስቃል። ልጁ ከዚያ ሳቅ ይማራል። ሒሳብ ቢቀር የማይጎዳ፣ ለፈተና ሰሞን ብቻ የሚፈለግ፣ ከፈተና በኋላ የሚጣል ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። በገዛ አፋችሁ ልጃችሁን ትጥቅ አስፈታችሁት።

ምን እንደ ጎደለባችሁ እናንተ ባታውቁትም፣ በእናንተ የነገዱባችሁ ያውቁታል። ወለዱን ሳታሰሉ የፈረማችሁበት ብድር፣ «በቅናሽ» ተብሎ ከወትሮው በላይ ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ፣ ስንት ካሬ እንደሆነ ሳትለኩ ቀብድ የሰጣችሁበት ቦታ፣ ተቋራጩ እንደ ነገራችሁ ብቻ የገዛችሁት ሲሚንቶ፣ ሁሉም ለጥቂት ደቂቃ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይጠይቅ ነበር። አልተቀመጣችሁም፤ ስለዚህ ከፈላችሁ። እናንተስ ከፍላችሁ አልፋችኋል። ልጃችሁ ግን ገና ያላየውን ዕዳ እንዲከፍል አሳድጋችሁታል።

ከብዙ ትምህርት ቤቶች በር ሳይርቅ የውርርድ ቤት አለ። ሂዱና ቆማችሁ ተመልከቱ። ግድግዳው ላይ ስክሪን ተደርድሯል፤ ወጣቶች የአውሮፓ ክለቦችን ስም እየቃኙ ትኬት ያስቆርጣሉ። ከአንዱ ትኬቱን ተቀብላችሁ አንብቡት እንበል። 10 ጨዋታ መርጧል። የእያንዳንዱ ኦድ 1.80 ነው። ያስያዘው 10 ብር ነው። ከታች፣ ቢሳካ በሚከፈለው ቦታ 3,570 ብር ተጽፏል። የልጁ ዓይን ያረፈው እዚያች ቁጥር ላይ ብቻ ነው። አሁን እናስላው። እያንዳንዱ ግምት የመሳካትም ያለመሳካትም እኩል ዕድል አለው ብንል፣ 10ሩም በአንድነት የመሳካታቸው ዕድል ግማሽን በግማሽ 10 ጊዜ አባዝቶ ይገኛል፤ ከ1,024 አንዱ ማለት ነው። ይህን ዓይነት ትኬት 1,024 ጊዜ የቆረጠ ሰው 10,240 ብር አውጥቷል። በአማካይ አንድ ጊዜ ያሸንፋል፤ 3,570 ብር ይቀበላል። 6,670 ብሩ ባንኮኒው ማዶ ቀርቷል፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። በዚህ ስሌት ውስጥ ከማባዛትና ከመቀነስ ሌላ ምንም የለም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሊሠራው ይችላል። ልጃችሁ 12ኛ ክፍል ደርሶ አልሠራውም፤ ሒሳብ ከክፍል ውጭም እንደሚሠራ የነገረው ሰው የለምና።

ተሸንፎ የወጣውም አርፎ አይተኛም። «አስመልሳለሁ» ይላል። ኦዱ 2 በሆነ ጨዋታ ላይ በ50 ብር ይጀምራል፤ ሲበላ 100፣ ቀጥሎ 200፣ ከዚያ 400፣ 800፣ 1,600። በስድስት ሽንፈት 3,150 ብር ሄዷል። ሰባተኛው ውርርድ 3,200 ብር ነው። እሱ ቢሳካለት እንኳ የድካሙ ሁሉ ትርፍ 50 ብር ነው። ያን 3,200 ብር ከየት ያመጣዋል? ከእናቱ ቦርሳ፣ ከኮሌጅ ክፍያው፣ ከሚሠራበት ሱቅ መሳቢያ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እጥፍ እጥፍ እያለ የሚሄድ ቁጥር ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያድግ በደብተሩ ላይ አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ልጅ፣ ሦስተኛው ውርርድ ላይ እጁ ይያዝ ነበር። ሁልጊዜ ይያዛል ብዬ አልምልም። የሚያቆመው ነገር ግን ይኖረው ነበር።

«ሒሳብ ያወቀ ሁሉ ጠቢብ ይሆናል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይሆንም። ያን ኦድ ያወጣው ሰው ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ሒሳብ ያውቃል። በዚህ ገበያ ውስጥ አንዱ ወገን አስልቶ ይመጣል፣ ሌላው ተስፋ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ስሌት ኅሊናን አይሰጥም፣ ስሌት የሌለው ኅሊና ግን ራሱን እንኳ መጠበቅ ያቅተዋል። እናንተ ደግሞ ልጆቻችሁን ተስፋ ብቻ ከያዙት ወገን አስቀመጣችኋቸው።

«ስድስት ሰው አምጣ፣ እነሱም ስድስት ስድስት ያምጡ፣ ሁላችንም እንከብራለን» የሚሉትንም አይታችኋል። በአዳራሽ ጭብጨባ፣ በከረባትና በመኪና ፎቶግራፍ የተማረውን ወጣት ሳይቀር ጠራርገው ወስደዋል። ስድስትን በስድስት እያባዛችሁ ሂዱ። አሥረኛው ዙር ላይ 60,466,176 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። አሥራ አንደኛው ዙር ላይ 362,797,056፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ በእጅጉ የሚበልጥ ነው። እንግዲህ መጨረሻ የገባው ብዙኃኑ እንደሚከስር አስቀድሞ የተቆረጠ ነገር ነው። ስንት ዲግሪ የያዘ ሰው በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ይህችን ማባዛት ሳይሠራ አጨበጨበ? ዲግሪውን የሰጠነው እኛ ነን።

ባንክ ውስጥም ያው ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ባለፈበት ጊዜ ገንዘባቸውን በ7 በመቶ ወለድ አስቀምጠው «ወለድ አገኘሁ» ብለው የተደሰቱ ሰዎች ነበሩ። 100,000 ብራቸው 107,000 ሆኗል። ግን በዓመቱ መጀመሪያ በ100,000 የሚገዛው ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ 130,000 ጠይቋል። 107ን ለ130 ስታካፍሉ 0.82 ይመጣል፤ ከገንዘቡ የመግዛት አቅም 18 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። ወለዱ ደስታ፣ ኪሳራው ዝምታ። መቶኛ የሚባለውን ነገር ገና በአንደኛ ደረጃ «ተምረናል» ብላችሁ አልፋችሁት ነበር።

ወደ ዓረብ አገር የምትሄደውንም እኅት አስቡ። ደላላው «የመጀመሪያ ሦስት ወር ደመወዝሽ ለወጪው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያንቺ ነው» ይላታል። ሦስት ወር ትንሽ ይመስላል። ውሉ የሁለት ዓመት ከሆነ ግን ሦስት ለ24 ማለት አንድ ስምንተኛ ነው፤ ከምታለቅስበት፣ ከማትተኛበት ድካሟ ስምንተኛው እጅ ገና አገር ቤት ሳለች ተሸጧል። ይህን ቆጥራ ብትሄድ እንኳ ልትሄድ ትችላለች፤ ችግር ያስገድዳል። ቆጥራ የሄደች ግን ትከራከራለች፣ «ሁለት ወር ይሁን» ትላለች፣ የከፈለችውን ትመዘግባለች፣ ዳግመኛ ሲጠይቋት «ከፍያለሁ» ብላ ወረቀት ታወጣለች። ስምንተኛ ክፍል አስጨርሰን ይህን ካላስተማርናት ምኑን አስተማርናት?

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልግባ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ ያለ ስልክ ተቀምጠው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ይህ ውጤት የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ ጦርነትና መፈናቀልም በዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። አንዱ ሚኒስቴሩን ወቀሰ፣ ሌላው ፈተናው ከበደ አለ፣ ሌላው መምህሩን ረገመ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከዚያ በፊት ውጤቱ ሲያምር የደነገጠ ማን ነበር? በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ ፈተናው በሙሉ ሲሰረዝ፣ ጥያቄው እንዴት ወጣ ብለን ለአንድ ሰሞን ጮኸን፤ ለምን ያን ያህል ፈላጊ አገኘ ብለን ግን አልጠየቅንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኩረጃን «መረዳዳት» ብላችሁ የጠራችሁ፣ በእናንተ ላይ ነው ቃሌ የሚከብደው። ልጃችሁ ጎበዝ ተማሪ አጠገብ እንዲቀመጥ ለፈታኝ የለመናችሁ፣ አጤሬራ በካልሲ ደብቆ ሲገባ እያያችሁ ያለፋችሁ፣ «ሁሉም ይኮርጃል፣ የእኔ ልጅ ብቻ ለምን ይቅር» ያላችሁ፣ የክፍሉን የማለፊያ መጠን ለማሳመር መልሱን በሰሌዳ የጻፋችሁ፣ ጥያቄውን በብር የሸጣችሁ፣ ምን እንደ ሰረቃችሁ ታውቃላችሁ? ማርኩን ለልጁ ጨምራችሁለት ሊሆን ይችላል። የሰረቃችሁት ከማያውቀው ነገር ፊት ብቻውን ተቀምጦ አለመሸሽን ነው።

ሒሳብ ለተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ነውና። አንድ ልጅ «አንድ ነጋዴ 3 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ…» ብሎ የሚጀምር የቃላት ጥያቄ ፊቱ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ይፈራል። ደግሞ ያነበዋል። የተሰጠው ምንድን ነው፣ የተጠየቀው ምንድን ነው ብሎ ይለያል። ከተሰጡት ቁጥሮች አንዱ ጨርሶ የማያስፈልግ መሆኑን ያስተውላል። ይሞክራል፤ 40 ኩንታል የሚል መልስ ያገኛል፤ ቆም ብሎ «ነጋዴው የገዛው 3 ነበር፣ እንዴት 40 ሸጠ?» ይላል። ይሰርዛል። የተሳሳተበትን መስመር ፈልጎ ያገኛል፤ ማካፈል ሲገባው አባዝቷል። እንደገና ይሠራል። ያገኘውን መልሶ ይፈትሻል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አላታለለውም፣ ሥልጣን ያለው ሰው መልሱን ሊያስለውጠው አልቻለም። ልክ ከሆነ ልክ ነው፤ ካልሆነ አለቃውም፣ ባለሀብቱም፣ የሰፈሩ ጉልበተኛም ልክ ሊያደርገው አይችልም። በአገራችን ልጅ የአባቱ ስም፣ የብሔሩ ስም፣ የገንዘቡ ብዛት የማይቆጠርበት መድረክ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ የት ያገኛል?

ከዚያ ደብተር የተነሣ ልጅ አድጎ ነርስ ሲሆን የነጥብን ቦታ ይጠነቀቃል፤ በ0.5 እና በ5 መካከል ያለው የአሥር እጥፍ ልዩነት የሕፃን ሕይወት መሆኑን ያውቃል። የማኅበር ገንዘብ ያዥ ሲሆን ገቢና ወጪውን ሳያስታርቅ አይተኛም። በጉባኤ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ሕዝቡ ሁሉ ይህን ይፈልጋል» ሲል፣ «ስንቱን ጠየቅህ? የጠየቅኸውስ እነማንን ነው?» ይላል። ልጁን ኩረጃ ያስለመዳችሁት ግን ይህ ሁሉ ይጎድለዋል፤ ሌላ ሰው የሰጠውን መልስ ሳይፈትሽ መቀበል ለምዷልና፣ ነገ የሚሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። በየመንደሩ ወሬ አንድ ሰሞን ነድዶ ሰው የሚጨርሰው በምን መሰላችሁ? «ከየት አመጣኸው?» የሚል አንድ ሰው በመጥፋቱ ነው።

ቤት ሲሠራ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ግንበኛው መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት ማዕዘኑን ማቅናት አለበት። ከማዕዘኑ ችካል ተነሥቶ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር ይለካል፣ ምልክት ያደርጋል፤ በሌላው ሲባጎ ላይ 4 ሜትር ይለካል፣ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ከምልክት እስከ ምልክት ሜትሩን ይዘረጋል። 5 ሜትር ላይ ከገጠመ ማዕዘኑ ቀንቷል። 5 ሜትር ከ8 ሳንቲም ከመጣ አንዱን ሲባጎ ገፋ አድርጎ እንደገና ይለካል፤ ይህን ካላደረገ ወለሉ ላይ ንጣፍ ሲነጠፍ በአንድ ጎን ይሰፋል፣ በሌላው ጎን ይጠባል፣ ባለቤቱ እስኪሞት ድረስ ያየዋል። ይህ 9 እና 16 ሲደመሩ 25 ይሆናሉ ከሚለው፣ ፓይታጎራስ ተብሎ በክፍል ውስጥ ከሚዘመረው ሌላ አይደለም። በስድስት መቶ ትምህርት ቤቶች ብትዞሩ ቀመሩን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ታገኛላችሁ፤ ግቢው ውስጥ እየተሠራ ያለውን አዲስ ክፍል ማዕዘን ውጣና ለካ ቢባል ግን የት እንደሚጀምር አያውቅም። መምህር ሆይ፣ ሲባጎና ሜትር ስንት ብር ነው? በደመወዝህ ኑሮ እንደማይገፋ አውቃለሁ፤ ያ በደል በአንተ ላይ የተፈጸመ ነው፣ የፈጸሙትም ይጠየቁበታል። ልጁ ግን አልበደለህም።

አንዳንዶቻችሁ ከዚህም የባሰ አድርጋችኋል። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተውን ልጅ በክፍሉ ፊት «ደደብ» ብላችሁ ሰድባችኋል፣ በጣቶቹ ጫፍ ላይ በማስመሪያ መታችኋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ልጅ እጁን አላወጣም። ስሕተት የሒሳብ እንጀራ ነው፤ ያለ ስሕተት የተማረ የለም። እናንተ ግን ስሕተትን የሚያዋርድ ወንጀል አደረጋችሁት፤ ልጁም ስሕተቱን መደበቅን፣ ከዚያም መኮረጅን ከእናንተው ተማረ። ልጅቷን ደግሞ «ሒሳብ ለሴት ይከብዳል» አላችኋት። እናቷ ጉሊት ተቀምጣ ቲማቲም በመደብ፣ ሽንኩርት በኪሎ፣ ዘይት በሊትር እየሸጠች፣ የዱቤውን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ፣ ለአራት ደንበኛ በአንድ ጊዜ መልስ ትሰጣለች። አንድ ሳንቲም አትሳሳትም። የእሷን ልጅ ነው አይሆንልሽም ያላችሁት። ያን ቃል የተናገራችሁበት አፍ ይቅርታ ሳይጠይቅ መክረም የለበትም።

ሒሳብ ከውጭ የመጣ፣ የፈረንጅ ትምህርት ነው የምትሉም አላችሁ። እናንተ አባቶቻችሁን አታውቋቸውም። የነነዌን ጾም፣ የንስሐውን ጾም፣ በምን ቀን እንደምትጾሙት ማን ነገራችሁ? ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ሲጀምር እስኪጨርስ ስሌት ነው። የ2018ን ተመልከቱ። 5,500 ሲደመር 2,018፣ ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ያስቀመጡትን መፈተሻ አስተውሉ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው። 12 እና 18፣ 30። ካልሆነ ተሳስተሃል፣ ተመልሰህ ሥራ። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ 7፣ ድምሩ 25። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ 30 ሲነሣለት 4፤ ፋሲካው ሚያዝያ 4። ይህን የቆሎ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ እየበላ፣ ያለ ወረቀት፣ በጣቱ አንጓ ሲያወጣው የኖረ ነው። እናንተ ስልክ ይዛችሁ የ15 በመቶ ቅናሽ ማስላት ያቅታችኋል።

በሙስሊሙም ወገን ይኸው ነው። የውርስ ሕጉ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ እያለ የየወራሹን ድርሻ ያስቀምጣል፤ ክፍልፋይ ሳይደምር የሙት ልጅን ሐቅ በትክክል መስጠት የሚችል የለም። አልጀብራ የሚለውን ስም ለዓለም ያተረፈው የአል ኽዋሪዝሚ መጽሐፍ እንኳ ከፊሉ የኑዛዜና የውርስ ስሌት ነው። ከሁለቱም ወገን እንግዲህ አባቶቻችን ሒሳብን ከእምነታቸው አልለዩትም፤ ትክክለኛ ስሌት ለእነሱ የአምላክና የሰው ሐቅ ነበር። ሰነፍ ተማሪ ያሉት የጾሙን ቀን የሚስተውን፣ የወላጅ አልባውን ድርሻ የሚያጎድለውን ነው።

ስለዚህ ንስሐ ግቡ። የንስሐን ሥርዓት ታውቃላችሁ፤ መጸጸት አለ፣ መናዘዝ አለ፣ ቀኖና መፈጸም አለ። በተውባም የሰው ሐቅ ያለበት ሐቁን ሳይመልስ ተውባው አይሞላለትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እንባው ብቻ ግን ሥራውን አይሠራላችሁም።

ወላጆች፣ «ሒሳብ አይገባኝም ነበር» የምትለዋን ሳቅ ከዛሬ ጀምሮ አፋችሁ ላይ አታምጧት። ካልገባችሁ ከልጃችሁ ጋር ተማሩ። በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን፣ የመብራቱን፣ የትራንስፖርቱን ወጪ ለልጃችሁ ስጡትና ከገቢው ስንት በመቶ እንደሆነ ያስላው። ገቢያችን ትንሽ ነው ብላችሁ አትደብቁት፤ ልጅ የቤቱን እውነት በቁጥር ማወቁ አያዋርደውም። ሲሳሳት መልሱን አትንገሩት። «እንዴት አገኘኸው?» በሉት፤ ታሪኩን ሲናገር ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ለአስጠኚ የምትከፍሉ ደግሞ አስጠኚው የቤት ሥራውን እየሠራለት እንደሆነ ወይስ እያስተማረው እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ፤ ብዙዎቻችሁ የተከፈለበት ኩረጃ ቤታችሁ አስገብታችኋል።

አንተ ተማሪ፣ አንቺም፣ «አላስተማሩኝም» ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ የምትቀመጡበት ጊዜ አልፏል። የት ላይ እንደ ጠፋባችሁ ታውቃላችሁ። ክፍልፋይ ላይ ከሆነ የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ክፈቱ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የአምስተኛን መጽሐፍ መክፈት አያሳፍርም፤ ሳይከፍቱ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው የሚያሳፍረው። የኮረጃችሁትን የቤት ሥራ አውጥታችሁ በእጃችሁ እንደገና ሥሩት፤ ማርክ አታገኙበትም፤ ቀኖናችሁ ነውና ሥሩት። የውርርድ ትኬት ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ጀርባው ላይ ከላይ ያሳየኋችሁን ስሌት በገዛ ኦዳችሁ አስሉት። አስልታችሁ ስትጨርሱ የምታደርጉትን ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

መምህራን፣ ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለአሠራሩ ማርክ ስጡ። መልሱ ልክ ሆኖ መንገዱ የሌለበትን ወረቀት «ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ መልሱት። በትሩን ጣሉት። ራሳችሁ ያልገባችሁን ምዕራፍ ዘልላችሁ የምታልፉ፣ ዘልላችሁ እንዳለፋችሁ ለባልደረባችሁ ተናገሩና አብራችሁ ተማሩት። የትምህርት ባለሥልጣናትም በፕላዝማ ስክሪን መምህሩን ከሰሌዳው ገፍታችሁ፣ የጀመራችሁትን ዘመቻ ውጤቱን ሳትመረምሩ እንዳለፋችሁት ታውቃላችሁ፤ የሚቀጥለውን ሥርዓተ ትምህርት ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ገብታችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ እስከ መጨረሻው ተቀምጣችሁ አዳምጡ።

የመጨረሻው ቃሌ ፈተና ለሸጣችሁ፣ መልስ ለበተናችሁ፣ ተፈታኝ ተክታችሁ ለተፈተናችሁ ነው። የሰው ሐቅ ይዛችኋል። የወሰዳችሁትን ብር ለከፈለው መመለስ የምትችሉ መልሱ። ብሩን የማትመልሱበት ሰው ግን ብዙ ነው፤ በእናንተ ምክንያት ቦታውን የተነጠቀውን፣ ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ ያጠናውን ልጅ የት ታገኙታላችሁ? እሱን አታገኙትም፤ እንደ እሱ ያሉትን ግን ታገኛላችሁ። ክረምት ሲመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ በሰፈራችሁ ያሉትን ልጆች ሰብስቡ። ክፍያ አትቀበሉ፣ ስማችሁን በባነር አታሰቅሉ፣ ፎቶ አትነሡ። ጠመኔ ያዙ፤ ከማባዣው ጀምሩ፤ ማንም እንዲኮርጅ አትፍቀዱ።